ጨዋታው ከነእንከኑ

እኔ እልፍነሽ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጂንካ፣ ከዞኑ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር ያላት ጠባብ ክፍል ብላችሁ ብትጠይቁ የትኛውም ባለ ባጃጅ ያደርሳችኋል። የመሬት፣ የጡረታ፣ የዝውውር፣ የባልና ሚስት፣ የጠፋ ፍየል፣ ያልጻፍኩት የለም። የኔ ማመልከቻ አጻጻፉ ተበላሸ ተብሎ አንድ ቀን ተመልሶ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሙሴ ላፕቶፑን ታቅፎ ገባና ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈው። ሙሴ ጓሮዬ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ሰባት ዓመት የኖረ የአሪ ልጅ ነው። "ልጅ" አልኩ እንጂ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ቀን የመንግሥት ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ክፍሉን ዘግቶ ምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር። አይጮኽም፣ አይሰክርም፣ ይበቃኛል ብዬ ትቼዋለሁ።

"እትዬ እልፌ፣ አንድ ጽሑፍ ያሻሽሉልኝ" አለኝ።

"ተከሳሹ ማነው?"

"ተከሳሽ የለም።"

"ተከሳሽ ሳይኖር ምን ይጻፋል?"

"የጨዋታ መግለጫ ነው። ኢንተርኔት ላይ፣ የጨዋታ መሸጫ ውስጥ ያለ።"

ላባርረው ምንም አልቀረኝም። ፊቱን ሳየው ግን ዓይኑ ቀልቷል፣ ሸሚዙን ያለ ቦታው ቆልፎታል። እንዲህ ሆነው የሚመጡ ሰዎችን አውቃቸዋለሁ፤ ቤታቸው የተወሰደባቸው ናቸው። "ተቀመጥ" አልኩት። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከመጀመሪያው ጀምር።"

ከመጀመሪያው ጀመረ። "የድንጋይ ዘውድ" የሚባል፣ ሃያ ዓመት ያለፈው የፈረንጅ ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ አንድ ሰው ይሆንና አገር ላገር ይዞራል፣ ሰው ያነጋግራል፣ ሰይፍ ይመዛል፣ ዘንዶ ይገጥማል። ሙሴ በዚያ ጨዋታ ላይ ሞድ ሠራበት። ሞድ ማለት ጭማሪ ነው፤ እሱ ግን ሲጨምር ሲጨምር አገሩን በሙሉ ለውጦ የኛን አደረገው። ጂንካን፣ ወይጦን፣ ኦሞ ወንዝን አስገባ። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። የጨዋታው ባለቤቶች አይተው ወደዱለትና ከአሮጌው ጨዋታ ጋር አያይዘው መሸጫቸው ላይ የራሱን ገጽ ሰጡት። መግለጫውን ራስህ ጻፍ አሉት። ጻፈ። እነሆ፦

"ስሪት 4.2። 300 አዳዲስ ሴሎች። የተስተካከለ ሜሽ። ቀዳሚ ፋይሎችን ይጠይቃል። ከስሪት 3 ጋር አይጣጣምም።"

ከሥሩ በስምንት ወር ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አስተያየት ሰጥቷል። "ይሄ ምንድን ነው?" ይላል። ሙሴም መልሶለታል። "ሞድ ነው።"

"ይሄ መግለጫ ነው?" አልኩት። "የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ወረቀት ይሻላል። እሱ እንኳ በቀን ስንቴ እንደሚወሰድ ይናገራል! ለመሆኑ ስምንት ወር ዝም ብለህ ዛሬ ምን አስቸኮለህ?"

አንገቱን ደፋ። "ኤልሳ" አለ።

ኤልሳ የሆስፒታሉ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ከሙሴ ጋር በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ተዋውቀው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እሑድ ሽማግሌ ልኮ ነበር ለካ! ለኔ ሳይነግረኝ! ይህን ቂም ለጊዜው ዋጥ አደረግኩት።

የሄዱት ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አለቃቸው ጋሽ ተረፈ፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሽማግሌ፣ እንደምታውቁት፣ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ቆሞ ይናገራል፣ ቆሞ ይጠብቃል። የልጅቷ አባት "ተቀመጡ" ካሉ ነገሩ አለቀ፤ ልጅቷን ሰጡ ማለት ነው። የኤልሳ አባት ጋሽ ፋንታሁን ደግሞ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ሰው ቆሞበት አይደነግጥም።

"ልጁ ከሥራ ሲወጣ ምን ያደርጋል?" ብሎ ጠየቀ።

"ጨዋታ ይሠራል" አለ ጋሽ ተረፈ።

"ስንት ዓመት?"

"አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጫወት?"

ጋሽ ተረፈ ጨዋታ መሥራትና መጫወት ለየቅል መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረና ራሱ ተምታታበት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። በመጨረሻ ጋሽ ፋንታሁን እንዲህ አለ፦ "ሥራ ከሆነ ይታያል። ልጄ ገጽ አለው ብላኛለች፤ አነበዋለሁ። የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ መናገር ያልቻለ ሰው፣ ልጄን ለምን እንደፈለጋትስ እንዴት ይናገራል? የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ኑ። እስከዚያ ካልገባኝ ግን አትድከሙ።"

ሳይቀመጡ ወጡ።

ሙሴ ይህን ነግሮኝ ሲጨርስ ላፕቶፑን ከደነ። "እትዬ፣ ኤልሳን ካጣሁ..." አለ። እኔም አዘንኩለት። አዘንኩለትና ወዲያው ብልጭ አለብኝ፤ ምክንያቱም እኔ እዚህ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጬ ይህ ሁሉ የሆነው እኔን ባለማማከሩ ነው። "ወግድ ከወንበሩ" አልኩት። "ዛሬ መግለጫ እንዴት እንደሚጻፍ ታያለህ።"

ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ቢሮ የሄደው ሙሴ ሲመለስ አነበብኩለት።

"ለተከበራችሁ ገዢዎች፣ ባላችሁበት። ጉዳዩ፦ ጨዋታዬ እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ። ስሜ ከላይ የተጠቀሰው አመልካች ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ያለ አንዳች ረዳት ጨዋታ በመሥራት ላይ እገኛለሁ። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ተመልካች በማጣት ለከፍተኛ እንግልት ተዳርጌያለሁ። ስለሆነም ችግሬ በርኅራኄ ታይቶ ጨዋታዬ እንዲወሰድልኝ ስል ከታላቅ አክብሮት ጋር እጠይቃለሁ። አባሪ፦ አራት ሥዕል። ግልባጭ፦ ለሚመለከታቸው ሁሉ።"

"እትዬ... ግልባጭ ያስፈልገዋል?"

"ግልባጭ የሌለው ጽሑፍ ራቁቱን የወጣ ሰው ነው።"

ለጠፈው። የኔን ቁጣ ስለሚፈራ እንጂ አምኖበት እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ። በማግስቱ ሦስት አስተያየት መጣ፤ በአንድ ቀን ሦስት! ደስ ብሎኝ መነጽሬን አደረግኩ። አንደኛው "እግዚአብሔር ይርዳህ ወንድሜ" ይላል። ሁለተኛው "ቤትህን አፍርሰውብህ ነው?" ይላል። ሦስተኛው "ቀበሌ ሄደህ ሞክረሃል?" ይላል። ጨዋታውን የወሰደ አንድ ሰው የለም።

እኔ መቼም ጥፋቴን ቶሎ አላምንም። ጥፋቱ የሽማግሌዎቹ ነው ብዬ ጋሽ ተረፈን አስጠራሁት። እንዲህ ባለ ነገር የሽማግሌ አፍ ያስፈልጋል፣ አንተ ተናገር እኔ ልጻፍ አልኩት። ጋሽ ተረፈ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ይናገር ጀመር።

"ይህ ጨዋታ ከመልካም ቤት የተገኘ፣ ታላላቆቹን የሚያከብር፣ የማይጠጣ፣ የማያጨስ..."

"ጋሽ ተረፈ፣ ጨዋታ ያጨሳል እንዴ?"

"አያጨስም አልኩ እኮ! ጻፊ!"

ጻፍኩ። "በጠባዩ የተመሰገነ፣ ወደር የማይገኝለት፣ ከእግር እስከ ራሱ ቢፈተሽ አንዳች እንከን የማይወጣለት" ሲል እኔም ሞቅ አለኝና "በዓለም አንደኛ" የሚል ከራሴ ጨመርኩበት። ሙሴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር። በደስታ መስሎኝ ያንንም አስለጠፍኩት!

ቅዳሜ ኤልሳ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጣች። ካልተቀመጠች ነገር የማይወጣላት ልጅ አይደለችም፤ በር ላይ ቆማ ነው የነገረችኝ።

"አባዬ አነበበው።"

"እና ምን አለ?"

"ሳቀ።"

"እሰይ! ሳቀ አይደል?"

"እንደዚያ አይደለም የሳቀው፣ እትዬ።" የአባቷን ድምፅ አስመስላ ነገረችኝ። "'በዕድሜዬ ስንት አሮጌ መኪና ገዝቻለሁ። እንከን የለውም ብሎ የሸጠልኝ ሰው መኪና ኮንሶ ሳልደርስ ነው የቆመብኝ። እንከኑን ቀድሞ የነገረኝን ሰው ግን እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር ወርጄ ሰላም እለዋለሁ።' ይኸው ነው ያለው። ስምንት ቀን ቀርቶናል።" ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ኤልሳ ሲናደዱባት የምትስቅ ልጅ ናት፤ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፤ አፈርኩ። ደንበኛ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው "ቦታውን አሳየኝ" ብዬ ነው። ለአንድ የአጥር ክርክር እስከ ባኮ ዳውላ ገጠር ድረስ በእግሬ ሄጄ አጥሩን በዓይኔ ያየሁ ሴት ነኝ። ይህን ጨዋታ ግን ሁለት ጊዜ ስጽፍለት አንድ ጊዜ አላየሁትም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለውን ስንት ሰው ላይ ተርቼበታለሁ መሰላችሁ!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጠብቄ ሙሴን ያዝኩት። "ክፈተው" አልኩት። "ልየው።"

ከፈተው። በማርያም ስም እላችኋለሁ፣ ጂንካ ናት! ገበያዋ፣ ቆርቆሮዋ፣ ከተራራው የሚወርደው ጉሙ። ባለ ሰይፍ ሰው ሆኜ መሃል ገበያ ቆሜያለሁ፤ አንዲት ሴትዮ በአሪኛ እንሰት ግዢኝ ትለኛለች። ድሮ አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሃል በነበረ ጊዜ ሜዳው ላይ ከብት ይግጥ ነበር፤ አውሮፕላኑ ሲመጣ ከብቱ እስኪባረር ከላይ ይዞር ነበር። ጨዋታው ውስጥ ዘንዶው እንደዚያ ያደርጋል! እሳት የሚተፋ ዘንዶ፣ ከብቱ ከሜዳው እስኪነሳለት ሰማይ ላይ ክብ እየሠራ ይጠብቃል። ሳቄ መጥቶ ወንበሩን ያዝኩ።

ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ዘበኛው "ማመልከቻ አለዎት?" አለኝ። የለኝም። ዞር ብል በመንገዱ ማዶ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ውስጧ መነጽር ያደረገች ሴትዮ። ተጠጋኋት። "ነገርን ከሥሩ" አለችኝ በራሴ ድምፅ። ለካ ይህ ሌባ አንድ ቀን በስልኩ ቀድቶኛል!

"ይቺ እኔ ነኝ?"

"ይቅርታ እትዬ። ያለ እርስዎ ጂንካ ጂንካ አልሆን አለችኝ።"

ሰባት ዓመት ሙሉ ኪራይ ሲከፍለኝ እንኳ ቀና ብዬ አይቼው የማላውቅ ልጅ፣ እኔን አይቶ፣ ሰምቶ፣ ሠርቶ አስቀምጦኛል። እንዳላለቅስ ተቆጣሁ። "አፍንጫዬ እንዲህ ነው? ደግሞ በሬ አረንጓዴ ነው እንዴ? የኔ በር ሰማያዊ ነው!"

"እሱ ቀላል ነው" አለና አንድ ሌላ መስኮት ከፈተ። በሩን ነካ፣ ቀለም መረጠ፣ ዘጋው። ሻይ ለመቅዳት እንኳ አይበቃም ያ ጊዜ። በሬ ሰማያዊ ሆነ።

"ይህን አንተ ብቻ ነህ የምትችለው?"

"አይ፣ ጨዋታውን የወሰደ ሰው ሁሉ ይችላል። ማስተካከያው አብሮ ነው የሚሰጠው። ያልወደደውን ይለውጣል፣ የጎደለውን ይጨምራል።"

"ማንም? የራሱን ቤት፣ የራሱን መንደር ማስገባት ይችላል?"

"አዎ።"

"እና ይህ የታለ የተጻፈው?"

"ይሄማ ይታወቃል፤ ምን ይጻፋል?"

"ማን ነው የሚያውቀው አንተ! አንተና ያ ዘንዶ!" ወረቀት ሳብኩ። "አሁን ደግሞ እንከኑን ተናገር። አንድ ሳትደብቅ።"

ተናገረ። ሰው የልቡን ጥፋት ሲናገር ደስ እንደሚለው ያየሁት ያን ቀን ነው። እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ፤ አንድም "ስለሆነም" አላስገባሁበትም።

"ይህ 'የድንጋይ ዘውድ' የሚባለው አሮጌ ጨዋታ ነው፤ አገሩ ግን የኛ ነው። ከጂንካ ተነስተው በወይጦ ዞረው ኦሞ ወንዝ አፋፍ ላይ ኮልቾ ድረስ ይሄዳሉ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ውሃ ይያዙ። ሰዎቹ አማርኛም አሪኛም ይናገራሉ። ዘንዶ አለ፤ ሜዳው ላይ ያሉት ከብቶች ካልተነሱለት አያርፍም። ጽሕፈት ቤት ለመግባት ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊዋ ትቆጣለች፣ ግን ትጽፋለች። እንከኑ፦ አህያው አንዳንድ ጊዜ በግድግዳ ያልፋል። አንድ ቤት ውስጥ ይዘንባል። ኮልቾ ገደሉ ጫፍ ላይ ያለውን ሽማግሌ ሰላም አይበሉት፤ እጅ ሲነሳ ይወድቃል። ግን ይመለሳል። ያልወደዱትን ሁሉ ራስዎ ከፍተው ማረም ይችላሉ፤ ማስተካከያው አብሮ ተሰጥቷል። ካቃተዎት ይጻፉልን። ሙሴ ያርመዋል።"

ሰኞ ጠዋት ጉድ ፈላ። "አህያውን ለማየት ስል ወሰድኩት" ይላል አንዱ። "ሽማግሌውን ሰላም አልኩት። ይቅርታ" ይላል ሌላው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት የተወለደችበትን መንደር ሠርታ እንደምታስገባ ጻፈች። እስከ ምሳ ሰዓት አርባ ሰው ወሰደው። እኔም ደንበኛ አቆይቼ ስልኬ ላይ ተተክዬ ዋልኩ። ሙሴ ቢሮ ሲሄድ አስተያየቱን እንድከታተል የገጹን መግቢያ ቃል ሰጥቶኝ ነበር፤ ለሰው መግቢያ ሲሰጥ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሰዓት አንድ ሰው ብቅ አለ። ስሙን "ሹፌር ነበርኩ" ብሏል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ ሲወረድ ሦስተኛው ኩርባ ወደ ግራ ነው። አንተ ወደ ቀኝ አዙረኸዋል። በጋሪ ሰባት ጊዜ ተገለበጥኩ። መንገዱን ሳታይ ነው የሠራኸው?"

እናንተ ማን እንደሆነ ገብቷችኋል አይደል? እኔ አልገባኝም። የታየኝ በዚህ ሁሉ ምስጋና መሃል ጭቃ ይዞ የገባ ሰውዬ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ "መንዳት የማይችል ሰው መንገድ አይከስም። ከጋሪው ይውረዱና በእግርዎ ይሂዱ።" ጽፌ ስጨርስ ለራሴ ጎሽ አልኩ።

ሙሴ ከቢሮ መጥቶ ሲያነበው ጠቆረ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። የኔን አጠፋና እንዲህ ጻፈ፦ "ስለተናገርንዎት ይቅርታ። ልክ ነዎት፣ ኩርባውን ተሳስቻለሁ። ዛሬውኑ አርመዋለሁ። የት ላይ እንደሚታጠፍ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።"

"ለዚህ ባለጌ ይቅርታ ትጠይቃለህ?"

"መንገዱን ያውቀዋል እኮ፣ እትዬ። እኔ ሁልጊዜ በሚኒባስ ስሄድ ተኝቼ ነው የማልፈው።"

ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀውም። ድልድዩ ጠበበ። ወይጦ መግቢያ ላይ ሹፌር የሚያርፍበት ትልቅ ዛፍ ነበር፣ የት አደረስከው? ሙሴ ድልድዩን አሰፋ፣ ዛፉን ተከለ። ሰውየው አንድ ቀን አመሰግናለሁ አላለም። ሙሴም አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረም። እኔ ብቻ ተቃጠልኩ።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሲነሱ እኔም ነጠላዬን አጣፋሁ።

"ሴት ሽማግሌ የት ታየ?" አለ ጋሽ ተረፈ።

"እኔ ጸሐፊ ነኝ። ደግሞ 'አያጨስም' ያልክ ሰው ዝም በል።"

ሙሴ በወጉ መሠረት አይሄድም፤ ቤት ቀረ። ስንወጣ በሬ ላይ ቆሞ ነበር፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት።

ጋሽ ፋንታሁን ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ የኤልሳ ላፕቶፕ። ሰላም አልነው። አራታችን ተሰልፈን ቆምን። ጋሽ ተረፈ ጉሮሮውን ጠርጎ "እንግዲህ በቀጠሯችን መሠረት" ሲል ጋሽ ፋንታሁን በመነጽሩ አናት ላይ አየን።

"'መንዳት የማይችል ሰው መንገድ አይከስም' ብሎ የጻፈልኝ ማነው?"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! ያ ሽማግሌ ተብዬ ተረፈ፣ ለአንድ አፍታ እንኳ ሳያመነታ፣ ጣቱን ቀሰረብኝ። በር ላይ የቆመችው ኤልሳ አፏን በእጇ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ለካ ሁሉንም ታውቃለች!

"አንቺን ጨዋታው ውስጥ አይቼሻለሁ" አለኝ ጋሽ ፋንታሁን። "እዚያም እንዲሁ ነሽ።"

"እርስዎም... ኩርባው ላይ ትንሽ ቀስ ቢሉ ኖሮ" አልኩ። ምን ላድርግ፣ አፌ አያርፍም።

ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ዞረ። "ቆዩ" አለ። "ልጁ ዛሬ እቤቱ የናንተን መልስ እየጠበቀ ነው አይደል?"

"እንዴታ!" አለ ጋሽ ተረፈ።

"ጥሩ።" በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነባል። "ወይጦ የተከልከው ዛፍ ሥር መቀመጫ የለም። የደከመው ሹፌር ቆሞ ነው የሚያርፈው?" ላከው። እጁን አጣምሮ ወደ ኋላ ተደገፈ። "ሰው ደልቶት ሲመልስ አይቻለሁ። ጨንቆት ሲመልስ ልይ።"

ቆምን። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ጋሽ ተረፈ እግሩን እየቀያየረ ይቆማል። ሙሴን አሰብኩት። ያ ልጅ ዛሬ ላፕቶፕ ይከፍታል? እኔ ብሆን ዛሬ ለዚህ ሰውዬ አልመልስም፤ ብመልስም በስድብ ነው። በልቤ ማርያምን ለመንኳት፤ ለጴንጤ መለመኔን ትቀበለኝ እንደሆነ አላውቅም። ኤልሳ መሳቋን ትታ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛለች።

አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ላፕቶፑ ድምፅ ሰጠ። ጋሽ ፋንታሁን ተጠጋና አነበበ።

"'ይቅርታ ጋሼ፣ ዘገየሁ። ዛሬ በሕይወቴ ትልቁን መልስ እየጠበቅኩ ስለሆነ ነው። ግን ልክ ነዎት፤ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ቆሞ አያርፍም። ዛፉ ሥር ድንጋይ አስቀምጫለሁ፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሄደው ይዩልኝ።'"

"ሠላሳ ዓመት ብዬ አልጻፍኩለትም። እኔ መሆኔን ማን ነገረው?" አለ ጋሽ ፋንታሁን።

እኛ አልነገርነውም። ኤልሳም አንገቷን ነቀነቀች፤ አልነገረችውም። በየትኛው ኩርባ ላይ እንደለየው እግዜር ይወቅ። አውቆ ሳለ ግን አንድ ቀን ልጅዎን ይስጡኝ ብሎ አልጻፈም፤ መንገዱን ብቻ አረመ።

ጋሽ ፋንታሁን ጨዋታውን ከፈተ፣ ባለ ሰይፉን ሰውዬ ወደ ወይጦ ነዳው። ሦስተኛውን ኩርባ በግራ ዞረ፣ ድልድዩን አለፈ፣ ዛፉ ሥር ደረሰ። ድንጋዩ አለ። ሰውየውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገና ቀና አለ።

"ተቀመጡ" አለን።

ጋሽ ተረፈ አልተቀመጠም፣ ወደቀ ማለት ይሻላል። ኤልሳ እልል ልትል ጀምራ ለቅሶዋ ቀደማት፤ እልልታውን እኔ ጨረስኩላት። ጋሽ ፋንታሁን ላፕቶፑን ወደኔ ገፋ አደረገው።

"በይ ጸሐፊዋ፣ ለልጁ መልስ ስጪው።"

ጠረጴዛው ላይ ተጠጋሁ። "ጉዳዩ" አላልኩም፣ "ግልባጭ" አላልኩም። እዚያው፣ ስለ ድንጋዩ ከጻፈው ሥር፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦

"ሙሴ፣ ተቀምጠናል።"